በጣት የሚመታ የእንግሊዝ ፎክ ጊታር፦ ጀማሪ ዘፋኞች ደጋግመው የሚጠይቋቸው ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ለሁለት ዓይነት ጀማሪዎች ነው፦ የቆየ የእንግሊዝ ባላድ (ታሪክ የሚተርክ ዘፈን) በጊታር አጅበው ለሚዘፍኑ፣ በዚያው መንገድ የራሳቸውን ዘፈን ለሚደርሱም። ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የኖታ ስሞች በእንግሊዝኛ አጠራራቸው ተጽፈዋል፤ «ኢ» እና «ኤ» የተለያዩ ኖታዎች ስለሆኑ ሲያነቡ ይለዩዋቸው። ክሮች የሚቆጠሩት ከቀጭኑ ጀምሮ ነው፤ ቀጭኑ 1ኛ፣ ወፍራሙ 6ኛ።

የእንግሊዝ ፎክ የሚባለው የትኛው ነው? ጊታርስ ከመቼ ጀምሮ ገባበት?

በአንድ ስም ሁለት ነገር ይጠራል። አንዱ ደራሲው ያልታወቀ፣ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ዘፈን ነው። ሌላው ዛሬ ያለ ሰው ራሱ ደርሶ፣ ከዚያ ዘፈን የዜማውንና የትረካውን ጠባይ ወስዶ የሚጫወተው ነው። ሲሲል ሻርፕ በ1903 በሶመርሴት ሃምብሪጅ መንደር አንድ አትክልተኛ ሲዘፍን ሰምቶ ማሰባሰብ ጀመረ፤ እሱና መሰሎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ዘፈኖችን ከገበሬዎችና ከመርከበኞች አፍ ጻፉ። ዛሬ ስቲቭ ራውድ ባዘጋጀው ማውጫ ወደ 25,000 የሚጠጉ ዘፈኖች ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። አንዱ ዘፈን በብዙ ርዕስ ሊጠራ ይችላል፣ የራውድ ቁጥሩ ግን አንድ ነው፤ ስለዚህ የተለያዩ ግጥሞችን ለማመሳከር በቁጥሩ ይፈልጉ። ማውጫው ለንደን ካምደን ውስጥ ሲሲል ሻርፕ ሃውስ ያለው የቮን ዊሊያምስ መታሰቢያ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ላይ በነጻ ይገኛል።

ጊታሩ ግን ለዚህ ሙዚቃ እንግዳ ነው። የድሮዎቹ ዘፋኞች በአብዛኛው ያለ መሣሪያ ነበር የሚዘፍኑት። ጊታር በእንግሊዝ ወጣቶች እጅ በብዛት የገባው በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የዘፋኙ ሎኒ ዶኔጋን ስኪፍል (በጊታርና በቤት ዕቃዎች የሚጫወቱት ቀላል ሙዚቃ) አገሩን ሲያጥለቀልቅ ነው። ከእነዚያ ወጣቶች ጥቂቶቹ ወደ ድሮው ዘፈን ሲዞሩ አንድ ችግር ገጠማቸው፦ ዜማዎቹ ኮርድ አያውቁም። ብዙዎቹ ዶሪያን ወይም ሚክሶሊዲያን በሚባሉ ሞዶች (ከተለመደው ሜጀርና ማይነር የተለዩ የኖታ አደራደሮች) ስለሆኑ የተለመዱት ሦስት ኮርዶች ሲገቡባቸው ጣዕማቸው ይጠፋል። ዛሬ የእንግሊዝ የጊታር ስልት የምንለው ለዚህ ችግር የተገኙ መልሶች ስብስብ ነው። ከታች ያሉት መልሶች ሁሉ ከዚህ ይነሳሉ፦ ጊታሩ የሚያገለግለው ዜማውን ነው፤ ቅኝቱም (ክሮቹ የሚቃኙበት ድምፅ)፣ የጣቱም አካሄድ፣ የክሩም ውፍረት የሚመረጠው ለዚያ ነው።

ማንን ላዳምጥ?

ከ1965 ይጀምሩ። በዚያ ዓመት አካባቢ ጊታሪስቱ ዴቪ ግራሃም ከድምፃዊቷ ሸርሊ ኮሊንስ ጋር አልበም አወጣ፣ በርት ጃንሽና ማርቲን ካርቲ ደግሞ እያንዳንዳቸው የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። ጃንሽ ስኮትላንዳዊ ነው፤ ስሙን ያገነነው ግን በለንደን ነው። የጃንሽን አልበም የቀረጻ ባለሙያው ቢል ሊደር በመኖሪያ ቤቱ በቴፕ ነው የቀዳው፤ ጃንሽ በወቅቱ የራሱ ጊታር ስላልነበረው በተውሶ ተጫወተ። ውድ ስቱዲዮ ስለሌለን አንችልም ለሚሉ ይህን አልበም ማስደመጥ ይበቃል።

ቀጥሎ ኒክ ጆንስ፤ በ1980 የወጣውን የመጨረሻ የስቱዲዮ አልበሙን ሳያዳምጡ ቀኝ እጅ ምን ማድረግ እንደሚችል አወቅሁ ማለት አይቻልም። በ1982 በደረሰበት ከባድ የመኪና አደጋ ሥራው ተቋረጠ። የራሳቸውን ዘፈን ለሚደርሱ ደግሞ ኒክ ድሬክ አለ፦ ከ1969 እስከ 1972 ሦስት አልበሞች፣ ብዙዎቹ ዘፈኖች ለየራሳቸው በተመረጠ ቅኝት። ከቅርቡ ትውልድ በ2008 የመጀመሪያ አልበሟን ያወጣችው ላውራ ማርሊንግ ጥሩ መንገድ ናት።

ጊታሪስት ብቻ አያዳምጡ። አን ብሪግስ ያለ አጃቢ ስትዘፍን መስማት፣ ዜማው ከኮርድ ነጻ ሲሆን የት የት እንደሚሄድ ያሳያል። ጃንሽም ከእሷ ነው ዘፈን የቀሰመው።

የቀኝ እጅን ከምን ልጀምር?

ከአውራ ጣት። ብዙ ሰው ከሌሎቹ ጣቶች ስለሚጀምር በኋላ ሁሉንም አፍርሶ መማር ይገደዳል። የሲ ኮርድ ይያዙ፣ ሜትሮኖሙን (ምት ቆጣሪውን) በደቂቃ 60 ምት ላይ ያድርጉ፣ ከዚያ በሚከተለው ቅደም ተከተል ይሂዱ።

መጀመሪያ አውራ ጣት ብቻ፦ 5ኛ ክር፣ 4ኛ ክር፣ 5ኛ፣ 4ኛ፣ በእያንዳንዱ ምት አንድ። ሳይቆራረጥ ሁለት ደቂቃ ሲሄድ ብቻ ወደሚቀጥለው ይለፉ። በሁለተኛው ደረጃ በምት 1 ላይ አውራ ጣት 5ኛውን ሲመታ መሃል ጣት 1ኛውን አብሮ ይሳብ፤ ሁለቱ ድምፆች አንድ ሆነው መሰማት አለባቸው። በሦስተኛው፣ ከምት 2 በኋላ ባለው ግማሽ ላይ ጠቋሚ ጣት 2ኛውን ክር ይጨምር። በአራተኛው፣ ከምት 3 በኋላ ባለው ግማሽ ላይ መሃል ጣት እንደገና 1ኛውን። ሲቆጠር «አንድ፣ ሁለት-እና፣ ሦስት-እና፣ አራት» ይሆናል። ይህ በአሜሪካዊው ጊታሪስት ሜርል ትራቪስ ስም የሚጠራው የተፈራራቂ ቤዝ (አውራ ጣት በወፍራሞቹ ክሮች የሚመታው ዝቅተኛ ድምፅ) አካሄድ ነው፤ የእንግሊዞቹም መነሻ ይኸው ነበር።

የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ቦታ ነው፦ ጣቶቹ ከምት ውጭ ሲገቡ አውራ ጣት ይከተላቸዋል ወይም ለአፍታ ይቆማል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ እየመቱ አጠገብዎ ካለ ሰው ጋር ያውሩ። ቤዙ ከተሰናከለ አውራ ጣት ገና ራሱን አልቻለም ማለት ነው፤ ወደ ቀደመው ደረጃ ይመለሱ። ሁለተኛው ስህተት ክሩን ወደ ላይ መንጨቅ ነው። ጣት ክሩን ወደ መዳፍ አቅጣጫ ገፍቶ መልቀቅ አለበት፤ ወደ ላይ የተነጨቀ ክር ፍሬቱን (አንገቱ ላይ ያለውን የብረት መስመር) እየመታ ይንጫጫል።

እንግሊዛዊ የሚያደርገውስ ምኑ ነው?

እዚህ ላይ ረዘም እንላለን፤ ምክንያቱም አብዛኛው ትምህርት የአሜሪካውን አካሄድ ብቻ አስተምሮ ይቆማል።

የመጀመሪያው ልዩነት ቤዙ ነው። ተፈራራቂው ቤዝ ከኮርድ ወደ ኮርድ የሚሄድ ዘፈን ላይ ያምራል፤ ኮርድ በሌለው ዜማ ላይ ግን ዜማውን ወደማያውቀው ቤት ይጎትተዋል። ስለዚህ ብዙ የእንግሊዝ ተጫዋቾች ቤዙን አንድ ኖታ ላይ ያቆሙታል፤ አውራ ጣት ያንኑ 6ኛ ወይም 5ኛ ክር ይደጋግማል፣ የመዳፉ ጠርዝ ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ የሚታሰሩበት ጣውላ) አጠገብ ክሩን በስሱ እየነካ ድምፁን ያፍነዋል። መዳፉ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ወደ ፊት ከሄደ ክሩ ጨርሶ ይሞታል፣ ወደ ኋላ ከሄደ አይታፈንም፤ ቦታውን በጆሮ መፈለግ ነው።

ሁለተኛው ዜማው ራሱ ነው። ማርቲን ካርቲ የሚዘፍነውን ዜማ ጊታሩም ላይ ይጫወተዋል። ጊታሩ ኮርድ ደርድሮ ከመጠበቅ ይልቅ ከድምፁ ጎን ለጎን ይሄዳል፤ ድምፁ ሲዘገይ ይዘገያል፣ ሲቸኩል ይቸኩላል። የድሮ ዘፈኖች ምት እኩል አይደለም፤ አንዱ መስመር አራት ምት፣ ቀጣዩ አምስት ሊሆን ይችላል። ይህንን አስተካክላለሁ ብሎ አራት በአራት ማድረግ ጀማሪዎች ከሚፈጽሟቸው ጥፋቶች ትልቁ ነው ብለን እናምናለን። ትንፋሹ ባለበት ላይ ያ ተጨማሪ ምት ይኑር።

ሦስተኛው ከኒክ ጆንስ የመጣው ነው፦ ቀኝ እጅ በምቶቹ መሃል ክሮቹ ላይ ወርዶ ይመታቸዋል፣ በዚያው ቅጽበት ያፍናቸዋል። ድምፁ ከበሮ ይመስላል። ሲለማመዱት መጀመሪያ ያለ ኮርድ፣ በምት 2 እና በምት 4 ላይ ብቻ ያድርጉት። ጣቶቹ ሲወርዱ ቀጣዩን ክር ለመሳብ በሚመቻቸው ቦታ ላይ ማረፍ አለባቸው፤ አለበለዚያ ከምቱ በኋላ ክር ፍለጋ ጊዜ ይባክናል።

ዳድጋድ ምንድን ነው? እንዴትስ ይቃኛል?

ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ዲ–ኤ–ዲ–ጂ–ኤ–ዲ የሆነ ቅኝት ነው፤ ፊደሎቹ አንድ ላይ ተነበው «ዳድጋድ» ተባለ። ዴቪ ግራሃም በ1960ዎቹ መጀመሪያ ከሞሮኮ ቆይታው በኋላ ያስለመደው ነው፤ ዓላማው ከኡድ (የዓረብ የክር መሣሪያ) ተጫዋቾች ጋር አብሮ መጫወት መቻል ነበር።

ከተለመደው ቅኝት ተነስተው ሦስት ክሮችን በአንድ ሙሉ ቶን፣ ማለትም በሁለት ፍሬት ያህል ዝቅ ያደርጋሉ። 6ኛውን ከኢ ወደ ዲ ያውርዱ፤ 7ኛ ፍሬት ላይ ሲያዝ ከክፍቱ 5ኛ ክር ጋር አንድ ድምፅ መስጠት አለበት። 2ኛውን ከቢ ወደ ኤ፤ 3ኛው ክር 2ኛ ፍሬት ላይ ሲያዝ ከሚሰጠው ድምፅ ጋር እኩል ይሁን። 1ኛውን ከኢ ወደ ዲ፤ 2ኛው ክር 5ኛ ፍሬት ላይ ከሚሰጠው ጋር እኩል። 5ኛ፣ 4ኛና 3ኛ አይነኩም። ክሮቹ ሲላሉ የጊታሩ አንገት በጥቂቱ ስለሚንቀሳቀስ ሲጨርሱ ሁሉንም እንደገና ይፈትሹ።

መነሻ የሚሆኑ ሦስት አያያዞች፦ ለዲ፣ 3ኛውን ክር ብቻ 2ኛ ፍሬት ላይ ይያዙ፣ የቀረው ክፍት ነው። ለጂ፣ 6ኛውን 5ኛ ፍሬት ላይ ይያዙ፣ በዚያው ጣት 5ኛውን ክር በስሱ ነክተው ያፍኑት፣ የቀሩት ክፍት ይሁኑ። ለኤ፣ 6ኛውን አይምቱ፤ 4ኛውንና 3ኛውን 2ኛ ፍሬት ላይ ይያዙ። ደስተኛ ወይም አዛኝ የሚያደርገው ሦስተኛው ኖታ በአንዳቸውም ውስጥ የለም። ቅኝቱ ለሞድ ዜማዎች የሚስማማው ለዚህ ነው፤ ውሳኔውን ለዘፋኙ ድምፅ ይተዋል።

ጉድለቱም ከዚያው ይመጣል። ሁሉም ነገር ያምራል፣ ሁሉም ነገር ደግሞ አንድ ዓይነት ይሆናል። አሥር ዘፈን በዳድጋድ የሚጫወት ጀማሪ ከሦስተኛው በኋላ አድማጩን ያሰለቻል። ቁልፉን (የዘፈኑን መነሻ ኖታ) በካፖ፣ ማለትም አንገቱ ላይ ክሮቹን በሚጫን መቆንጠጫ፣ ይቀያይሩ፦ 2ኛ ፍሬት ላይ ሲታሰር መነሻው ኢ፣ 3ኛው ላይ ኤፍ፣ 5ኛው ላይ ጂ ይሆናል። አንዳንዱን ዘፈን ደግሞ በተለመደው ቅኝት ይተዉት።

የማርቲን ካርቲን ቅኝትስ ልሞክር?

ይሞክሩ፣ ግን ክር ሳይቀይሩ አይሁን። ሲ–ጂ–ሲ–ዲ–ጂ–ኤ ሲሆን፣ 6ኛው በአራት ሴሚቶን (አንድ ሴሚቶን አንድ ፍሬት ነው)፣ 3ኛው በአምስት፣ 1ኛው ደግሞ ከኢ ወደ ኤ በሰባት ሴሚቶን ይወርዳል። በቀጭን ክር ይህን ካደረጉ 1ኛውና 3ኛው ልል ሆነው ይንጫጫሉ፣ ጠንከር ብሎ ሲመቱም ድምፃቸው ይዋዥቃል። ከ1ኛ እስከ 3ኛ ያሉት ወፈር ባሉ ክሮች መተካት አለባቸው። 1ኛውን ሽቅብ ወደ ኤ ለማድረስ የሚሞክሩ አሉ፤ ክሩ ይበጠሳል፣ ዓይንንም ሊጎዳ ይችላል።

ምን ዓይነት ጊታርና ክር ልግዛ?

ብራንድ አንመክርም፤ መለኪያ ግን እንሰጣለን። ክሮቹ ከአንገቱ ጫፍ የሚያርፉበት ቦታ ስፋት 44 ሚሊሜትር አካባቢ ይሁን፤ 43 እና ከዚያ በታች የሆነው ለፒክ (በእጅ ለሚያዝ መምቻ) ይመቻል እንጂ ጣቶችን ያጨናንቃል። ትልልቁ ድሬድኖት ከሚባለው ይልቅ መካከለኛ አካል ያለው ጊታር ይሻላል፤ ቤዙ ስለማይገንን ዜማው ተለይቶ ይሰማል። 12ኛ ፍሬት ላይ ከክሩ እስከ ፍሬቱ ያለው ክፍተት ለ6ኛው ክር 2.4፣ ለ1ኛው 1.8 ሚሊሜትር ገደማ ከሆነ ጥሩ ነው። ለዳድጋድ ከፍ ቢል ይመረጣል እንጂ ዝቅ አይበል።

ክሩ ፎስፈር ብሮንዝ፣ ከ12 እስከ 53 የሚባለው ይሁን፤ ቁጥሮቹ የኢንች ሺኛዎች ናቸው። ዳድጋድን አዘውትረው ከተጫወቱ 6ኛውን ብቻ በ56 ይተኩት። ክሩ ቀለሙ ሲጠቁር ወይም 12ኛ ፍሬት ላይ ሲያዝ ከትክክለኛው ድምፅ ሲዛነፍ መቀየሪያው ደርሷል።

አንድ ከባድ ማስጠንቀቂያ፦ ለናይለን ክር በተሠራ ክላሲካል ጊታር ላይ የብረት ክር አያስሩ። ከ12 እስከ 53 ያለው ክር በተለመደው ቅኝት ከ70 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ይስባል፤ ናይለኑ የዚያ ግማሽ ገደማ ነው። ብሪጁ ይነቀላል፣ የላይኛው ጣውላም ይጎብጣል።

የአየሩ እርጥበት ከ45 እስከ 55 በመቶ ቢሆን ጊታሩ ይስማማዋል። በአዲስ አበባ በጋ ወይም የክረምት ማሞቂያ በሚሠራበት የአውሮፓ ቤት ውስጥ አየሩ ስለሚደርቅ ጣውላው ይሰበሰባል፤ የፍሬቶቹ ጫፍ እጅ መቧጨር ከጀመረ ምልክቱ ይኸው ነው። ጊታሩን ከሳጥኑ ውስጥ ከትንሽ እርጥበት ሰጪ ጋር ያኑሩት።

ጥፍር ማሳደግ ግዴታ ነው?

አይደለም። ሥጋ ለስላሳና ወፍራም ድምፅ ይሰጣል፣ ጥፍር ጥርት ያለና ከሩቅ የሚሰማ። መሃለኛው መንገድ ከጣቱ ጫፍ አንድ ወይም ሁለት ሚሊሜትር ያለፈ ጥፍር ነው፤ ክሩ መጀመሪያ ሥጋውን ነክቶ በጥፍሩ ይለቀቃል። ጠርዙን በጥሩ ሞረድ ካስተካከሉ በኋላ በጣም ልም በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ያለስልሱት፤ ሻካራ ጠርዝ የብረት ክር ላይ ይያዝና ይሰነጠቃል። ጥፍሩ የሚሳሳ ሰው ጥፍር ቤት ሄዶ ሦስቱን የቀኝ እጅ ጣቶች በአክሪሊክ ወይም በጄል ማስለበስ ይችላል። በራስ እጅ በማጣበቂያ የሚለጠፍ ግን ሲነሳ የጥፍሩን ሽፋን ይዞ ይነሳል።

እየመታሁ መዝፈን ለምን ያቅተኛል?

በአብዛኛው የጊታሩ ክፍል ገና ስላልበሰለ ነው። ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ጊታሩን ለብቻው ሌላ ነገር እያሰቡ መምታት እስኪቻል፤ ከዚያ ግጥሙን በምቱ ላይ ያለ ዜማ መናገር፤ ከዚያ ዜማውን በ«ላ» ማንጎራጎር፤ መጨረሻ ላይ ሁለቱን ማገናኘት። አሁንም አንድ ቦታ ላይ ከተሰናከለ ያንን አንድ መስመር ብቻ ወስደው የትኛው የቃል ክፍል ከየትኛው ጣት ጋር እንደሚወድቅ በወረቀት ላይ ይጻፉ።

ቁልፉን ለድምፅዎ ይምረጡ፣ ለእጅዎ አይደለም። ከፍተኛውን ኖታ ሳይጮኹ፣ ዝቅተኛውን ሳይውጡ የሚዘፍኑበትን ቦታ ያለ ጊታር ያግኙ፤ ካፖው ወደዚያ ይምጣ። ሃያ ቤት ያለው ባላድ ሲሆን አጃቢው በሁሉም ቤት አንድ ዓይነት ከሆነ አድማጭ ታሪኩን ይጥለዋል። ንግግር የሚበዛበት ቤት ላይ ጊታሩን ወደ ቤዝ ብቻ ይቀንሱ፤ ሞት ወይም ክህደት የሚነገርበት ላይ ጭራሽ ማቆምም ይቻላል።

ክራር እደረድራለሁ፤ ይጠቅመኛል?

ቀኝ እጅዎ ይጠቅማል፤ ጣቶችን ነጣጥሎ ማዘዝ ከባዱ ክፍል ነው፣ እሱን አልፈውታል። የጆሮም ጥቅም አለ፦ ከድሮዎቹ ዜማዎች በአምስት ኖታ ብቻ የተሠሩ አሉ፤ የሜጀር ትዝታ አምስት ኖታዎች ከነዚያ የአንዱ ዓይነት ጋር አንድ ናቸው። በዳድጋድ ዲ፣ ኢ፣ ኤፍ ሻርፕ፣ ኤ እና ቢን ፈልገው ያግኙ። ግራ እጅ ግን ከዜሮ ይጀምራል፤ ክራር ላይ ግራ እጅ ክር ሊያፍን ይችላል እንጂ ፍሬት ላይ ተጭኖ ኖታ አያወጣም።

የድሮ ዘፈን መቅዳትና ግጥሙን መቀየር ይፈቀዳል?

ደራሲው የማይታወቅ የቆየ ዘፈን የማንም ንብረት አይደለም፤ ቤት መጨመር፣ መቀነስ፣ ዜማ መቀየር ይቻላል፤ ዘፈኖቹ እዚህ የደረሱትም እንደዚያ ነው። ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላው ሰው የሠራው ቅንብር ላይ ነው። በብሪታንያ ሕግ የደራሲና የአቀናባሪ መብት ከሞቱ በኋላ 70 ዓመት ይቆያል፤ የድምፅ ቀረጻ ደግሞ ከወጣ በኋላ 70 ዓመት። ዘፈኑ ነጻ ቢሆንም ከአንድ ዘመናዊ አልበም የጊታሩን አካሄድ ኖታ በኖታ ገልብጦ የራስ ነው ማለት አይቻልም። በዚህ ጉዳይ የሚጠቀሰው ምሳሌ «ስካርቦሮ ፌር» ነው፦ አሜሪካዊው ዘፋኝ ፖል ሳይመን ዘፈኑን ለንደን ውስጥ ከማርቲን ካርቲ ተማረ፣ በ1966 የወጣው ቅጂ ግን የካርቲን ስም አልጠቀሰም፤ ቅሬታው ዓመታት ቆየ። በ2000 ሁለቱ ለንደን ውስጥ በአንድ መድረክ አብረው ዘፈኑት።

በአልበም ሽፋን ላይ «ባህላዊ፣ ቅንብር በእገሌ» ብሎ መጻፍ ልማድ ነው። ከማን እንደተማሩት መጥቀስ ሕግ ባያስገድድም በፎክ ሰዎች ዘንድ ያላደረገው ይታወሳል።

የመጀመሪያ መድረክ የት አገኛለሁ?

በእንግሊዝ ከሆኑ ፎክ ክለብ ይሂዱ። ስሙ ክለብ ይባል እንጂ አብዛኛው በሳምንት ወይም በወር አንድ ምሽት ከፐብ ፎቅ ላይ ወይም ከኋላ ክፍሉ ውስጥ የሚሰበሰብ ሰው ነው። በ1965 ሶሆ ግሪክ ጎዳና ላይ የተከፈተው ሌ ኩዛን ምድር ቤት ነበር፤ ጃንሽና ጊታሪስቱ ጆን ሬንቦርን ሌሊቱን ሙሉ የሚጫወቱት እዚያ ነበር።

እንግዳ የተጋበዘበት ምሽት ላይ ከእንግዳው በፊት የቤቱ ሰዎች ተራ በተራ አንድ ወይም ሁለት ዘፈን ይዘፍናሉ፤ ይህ «ፍሎር ስፖት» ይባላል። ለማግኘት በሩ ከመከፈቱ ትንሽ ቀደም ብለው ይድረሱ፣ አዘጋጁን ያግኙና ይጠይቁ። መግቢያ ይክፈሉ። ጊታሩን ወንበርዎ ላይ ሆነው ቃኝተው ይጨርሱ። ሁለት ዘፈን ከተባሉ ሁለት ነው፤ ሦስተኛ «አጭር ናት» ብሎ መጨመር ዳግም አያስጠራም። ብዙዎቹ ቦታዎች ማይክ የላቸውም፤ ወደ መጨረሻው ረድፍ ይዝፈኑ። ዘፍነው ወዲያው መውጣት ነውር ነው፤ እስከ መጨረሻ ይቀመጡ፣ በዕረፍት ሰዓት የሚዞረውን የሎተሪ ቲኬትም ይግዙ፤ የእንግዳው ክፍያ በከፊል ከዚያ ሊወጣ ይችላል። በዝማሬው አዝማች ላይ ሰዉ አብሮ ይዘፍናል፤ አይደንግጡ፣ ምቱን ይዘው ይቀጥሉ።

ከዚህ የተለየው «ሲንግአራውንድ» ነው፦ ክብ ተቀምጠው ሁሉም በተራው ይዘፍናል፣ አድማጭ ብቻ የሚባል የለም። ለጀማሪ እሱ ይቀላል። ኦፕን ማይክ ደግሞ ማጉያ አለው፣ ግን ሰው ያወራል፤ ረጅም ባላድ ይዘው አይሂዱበት።

በየዘፈኑ ስቃኝ ሰዉ ይሰለቻል፤ ምን ላድርግ?

ዘፈኖችን በቅኝት ሰብስበው ይደርድሩ፤ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ቅኝት የሚለወጠው ቢበዛ ሁለት ጊዜ ይሁን። ክር ሲያወርዱ ከሚፈለገው በታች አልፈው ከዚያ ወደ ላይ ይምጡ፤ ከላይ የቆመ ክር ዘፈኑ መሃል ላይ ይወርዳል። ክሩ «ጢክ» ብሎ የሚዘል ከሆነ ከአንገቱ ጫፍ ባለው ጎድጓዳ መስመር ውስጥ እየተያዘ ነው፤ በለስላሳ እርሳስ መስመሩን ይቀቡት። ስለሚቀጥለው ዘፈን የሚነግሩትን ወሬ ለዚያ ሰዓት ያስቀምጡ፣ ግን እጅ እየሠራ አፍ ማውራትን ቤት ይለማመዱት።

ጊታሩ በማጉያ ሲገባ ለምን ይጮኻል? ድምፁስ ለምን የፕላስቲክ ይመስላል?

ጩኸቱ የሚመጣው የጊታሩ አካል የራሱ የሚያስተጋባበት ድምፅ ስላለው ነው፤ አንዱ 100፣ ሌላው 200 ኸርዝ አካባቢ። ስፒከሩ ያንን ድምፅ ሲመልስለት ጣውላው ይነቃና ዙሩ ይቀጥላል። የጎማ መክደኛ ቀዳዳው ላይ ማድረግ፣ በፕሪአምፑ (ድምፁን ከማጉያው በፊት በሚያዘጋጀው መሣሪያ) ላይ ያለውን የፌዝ ቁልፍ መገልበጥ፣ ያም ካልበቃ የሚጮኸውን ድምፅ በጠባቡ መቀነስ በዚህ ቅደም ተከተል ይሞከራል። የፕላስቲክ ድምፁ ከብሪጁ አጥንት ሥር ያለው ፒዬዞ ፒክአፕ (ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው) ጠባይ ነው፤ 1.5 ኪሎኸርዝ አካባቢ ጥቂት ሲቀነስ ይለዝባል። ዘጠኝ ቮልት ባትሪው ሲደክምም ያንኑ ይመስላል፤ ስለዚህ ሌላ ከመነካካትዎ በፊት ባትሪውን ይቀይሩ።

ቤት ውስጥ እንዴት ልቅዳ?

አንድ ትንሽ ኮንደንሰር ማይክ፣ 48 ቮልት የሚሰጥ ኦዲዮ ኢንተርፌስና ልብስ የሞላበት ክፍል ይበቃሉ። ማይኩን ከጊታሩ 25 እስከ 30 ሴንቲሜትር አርቀው አንገቱ ከአካሉ ጋር ወደሚገናኝበት ያነጣጥሩት። ቀዳዳው ላይ ካነጣጠሩ ቤዙ ያጉረመርማል። በ24 ቢት ይቅዱ፤ ከፍተኛው ድምፅ ከመቀነስ 10 ዴሲቤል አይለፍ። ፍሪጁን ያጥፉ፣ ወንበሩ እንዳይንቋቋ ይፈትሹ፣ የሸሚዝ ቁልፍ ጊታሩን እንዳይነካ ይጠንቀቁ።

ድምፁንና ጊታሩን ለየብቻ መቅዳት ለአርትዖት ይመቻል፤ ለዚህ ሙዚቃ ግን አንመክረውም፤ ከላይ ያልነው ጊታሩ ድምፁን የመከተል ነገር ይጠፋል። አብረው ይቅዱ፦ ባለ ሁለት ፊት ማይክ ካለ ጎኑ ወደማይፈለገው ድምፅ ይዙር፤ የዚህ ዓይነቱ ማይክ በጎኑ አይሰማም። አንድ ማይክ ብቻ ካለ በአፍና በጊታር መካከል፣ ከግማሽ ሜትር ያህል ርቀት አድርገው ሚዛኑን ማይኩን ከፍና ዝቅ በማድረግ ያግኙ።

የቀዳሁት ሲሰማ ማን ይከፍለኛል?

በብሪታንያ ሁለት መዝገብ አለ፣ ጀማሪዎችም አንዱን ይረሳሉ። ፒአርኤስ የሚከፍለው ለግጥምና ዜማ ደራሲ፣ ዘፈኑ በሬዲዮ ወይም በመድረክ ሲቀርብ ነው፤ የቆየ ዘፈን ቅንብርም መመዝገብ ይቻላል። ፒፒኤል የሚከፍለው ቀረጻው ሲሰማ ለተጫወተውና ለቀረጻው ባለቤት ነው። ራሱ ደርሶ፣ ራሱ መትቶ፣ ራሱ የቀዳ ሰው በሁለቱም መመዝገብ አለበት። ለእያንዳንዱ ቀረጻ አይኤስአርሲ የሚባለውን መለያ ቁጥር ከመልቀቅዎ በፊት ያውጡ። በመድረክ የዘፈኗቸውን የራስዎ ዘፈኖችም ለፒአርኤስ ያስመዝግቡ፤ ዝርዝሩ ካልገባ ፎክ ክለቡ ፈቃድ ቢከፍልም ገንዘቡ ወደ እርስዎ አይመጣም።